ላፕቶፑ ይታጠፍ፣ ችግር የለውም፤ ቅጥነቱን ግን አስቡበት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ጊዜ ያላችሁ አሁን አንብቡት፤ የሌላችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ ተመለሱበት።

በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጎርፍልኛል። "ቲቸር፣ ላፕቶፕ ልገዛ ነው። ይቺ 360 የምትዞረዋ፣ ተች የሆነችው፣ ስስ ያለችው እንዴት ናት?" ከሥር ከቴሌግራም ላይ የተወሰደ ፎቶ አለ። ላፕቶፗ እንደ ድንኳን ቆማ፣ ብርማ ቀለሟ እያብረቀረቀ፣ "ከነቻርጀሯ" ይላል። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ የማውቀውን እዚሁ ላስቀምጥ ብዬ ነው። ትምህርቴ ዲፕሎማ ነው፣ ሥራዬ አይቲ ማስተማር ነው፤ ነጋዴም ጠጋኝም አይደለሁም። ማንም ከፍሎኝ አይደለም የምጽፈው።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን ቀላል እንዳልሆነ ልናገር። ከተማ ውስጥ ደመወዝተኛ ለሆነ ሰው ላፕቶፕ አንድ ዕቃ ነው፤ ካልተስማማው ሸጦ ሌላ ይገዛል። እዚህ ሐሙሲት ዙሪያ ግን አባት የዓመቱን ሽንኩርት ወይም ሩዝ ሸጦ፣ ባስ ካለም በሬ ሸጦ ነው ለልጁ የሚገዛው። ያቺ ላፕቶፕ አራት አምስት ዓመት መቆየት አለባት። በመሃል ከተሰበረች "ሌላ ላኩልኝ" የሚባል ነገር የለም። ብሩም እንደ ድሮው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ ደግሞ ራሱም፣ ባትሪውም፣ ስክሪኑም ከውጭ የሚመጣ ነው። ስለዚህ እዚህ ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ሐሙስ ገበያ ውሸት ሊሆን ይችላል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ተጣጣፊ ላፕቶፕ የምንለው ስክሪኑ ወደ ኋላ ሙሉ በሙሉ ዞሮ ከጀርባው ጋር የሚገጥመውን ነው። ሌኖቮ "ዮጋ" ይለዋል፣ ኤችፒ "ኤክስ 360" ይለዋል፣ ዴል "ቱ ኢን ዋን" ይለዋል። በአራት መልክ ይሠራል፦ እንደ ተራ ላፕቶፕ፣ እንደ ድንኳን፣ ኪቦርዱ ወደ ታች ተደፍቶ እንደ ፎቶ ማቆሚያ፣ እና ሙሉ በሙሉ ታጥፎ እንደ ታብሌት። ሐሳቡ የቆየ ነው። ማይክሮሶፍት በ2002 እ.ኤ.አ. በብዕር ለሚሠሩ ኮምፒውተሮች የተዘጋጀ ዊንዶውስ ኤክስፒ አውጥቶ ነበር። አሁን የምናውቀው ባለ 360 ማጠፊያ የገነነው ግን ሌኖቮ በ2012 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 8 ጋር ዮጋ 13ን ለገበያ ሲያቀርብ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ተከተለ።

ወደ እኛ አገር የገባው ተጣጣፊ ላፕቶፕ ግን ከዮጋም ይቀድማል። ብዙዎቻችሁ ልጆች ስለነበራችሁ አታስታውሱትም። "አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ" የሚባል ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ነበር። ኤክስኦ የምትባል አረንጓዴና ነጭ፣ የልጅ መጫወቻ የምትመስል ላፕቶፕ ሠርቶ በእኛ አቆጣጠር በ2000 እና በ2001 አካባቢ ጥቂት ሺህ የሚሆኑት ኢትዮጵያ ገብተው ለተማሪዎች ተሰጥተዋል። ያቺ ኤክስኦ ስክሪኗ ዞሮ ኪቦርዷ ላይ ይተኛና እንደ መጽሐፍ ትነበብ ነበር። ፀሐይ ላይ ይዛችኋት ብትወጡ ይነበባል። ኪቦርዷ በጎማ የተሸፈነ ስለሆነ አቧራና ውሃ በቀላሉ አይገባውም። ባትሪዋ ይወልቃል። ሲፈቷት መለዋወጫ ብሎን እንኳ ውስጧ ተቀምጦላት ነበር። በርግጥ ፍጥነቷ ደካማ ነው፤ 100 ዶላር ትሆናለች የተባለችውም ወደ 200 ዶላር ተጠግታለች፤ ፕሮጀክቱም እንደታሰበው አልተስፋፋም። ግን አንድ ነገር ታሳየናለች። ትታጠፍ ነበር፣ ለገጠር ትምህርት ቤትም ታስባ የተሠራች ነበረች። ምክንያቱም ወፍራም ነበረች!

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኼ ነው፦ ዛሬ ገበያ ላይ ባሉት ተጣጣፊዎች ላይ መታጠፋቸው ብዙ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ቅጥነታቸው ነው። ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ስለሚያያቸው ነው የሚሳሳተው። ለያይቼ ላሳያችሁ።

ከጥሩው ልጀምር፤ ጥሩ ነገር አለውና። እኔ ራሴ የምሠራበት ስስ ተጣጣፊ ነው፣ ወንድሜ ከውጭ የላከልኝ። "ቲቸር አንተ ይዘኸው እኛን ትከለክለናለህ እንዴ" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልከለክልም፤ ጥቅሙን በደንብ ስለማውቀው ነው የምነግራችሁ።

አንደኛ፣ ብዕሩ። በስክሪን ላይ በእጅ መጻፍ ለአስተማሪና ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው። የሒሳብ ቀመር በኪቦርድ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያሰለች የሞከረው ያውቀዋል። በብዕር ግን ደብተር ላይ እንደሚጻፈው ነው። ግራፍ መሳል፣ የሰርኪት ሥዕል መሥራት፣ ፒዲኤፍ ላይ ማስመር፣ የተማሪ ሥራ ላይ በቀይ ማረም ይቻላል። ፕሮጀክተር ባለበት ክፍል ደግሞ ፊቴን ወደ ተማሪ አድርጌ እየጻፍኩ እነሱ ግድግዳው ላይ ያያሉ። የጠመኔ አቧራም የለም።

ሁለተኛ፣ ለንባብ ይመቻል። በክልላችን ዳታ ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው በፍላሽ ነበር። ስክሪኑን አጥፎ ገጹን ቁም አድርጎ ማንበብ እንደ መጽሐፍ ነው፤ በጠባብ ጠረጴዛ ላይ፣ አልጋ ላይ ተቀምጦም ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ክብደት። ስሶቹ ብዙዎቹ ከ1.3 እስከ 1.4 ኪሎ ግራም ናቸው። ከዶርም እስከ ላይብረሪ፣ ከላይብረሪ እስከ ክፍል በእግሩ ለሚመላለስ ልጅ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

አራተኛ፣ አዳዲሶቹ በታይፕ ሲ ቻርጅ ይደረጋሉ። ቻርጀር ቢጠፋ ከጓደኛ መዋስ ይቻላል፤ መብራት ሲጠፋም አቅም ባለው ፓወር ባንክ መሙላት ይቻላል። ልብ በሉ፣ አቅም ያለው ነው ያልኩት፤ የስልክ ፓወር ባንክ ሁሉ አይሆንም። ብዙዎቹ 45 ወይም 65 ዋት ይፈልጋሉ።

አሁን ወደ ሌላው ጎን።

ስስ ላፕቶፕ ስስ የሆነው ከውስጡ ነገር ስለተቀነሰ ወይም ስለተጣበቀ ነው። በብዙዎቹ ላይ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። 8 ጊጋ ሆኖ ከተገዛ እስከ ዕለተ ሞቱ 8 ጊጋ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሶፍትዌሩ ከብዶ "ራም ልጨምርበት" ብትሉ መጨመሪያ ቦታ የለውም። ራሙ ከተበላሸ ደግሞ ማዘርቦርዱ ነው የሚነካው።

ስክሪኑ መስታወቱ፣ ተቹና ማሳያው አንድ ላይ የተጣበቁ ናቸው። በተራ ላፕቶፕ ስክሪን ሲሰበር ማሳያው ብቻ ይቀየራል። በእነዚህ ላይ ጥግ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ብትመጣም ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ሙሉው ነው። ዋጋውም ያው የሙሉው ነው፤ አንዳንዴ የላፕቶፑን ግማሽ ያህል ትጠየቃላችሁ።

ማጠፊያው ደግሞ አለ። የስክሪኑ ገመድ የሚያልፈው በዚያው በማጠፊያው በኩል ነው። በቀን አሥር ጊዜ ሙሉ ዙር የሚዞር ነገር ይለፋል። ማጠፊያው ሲጠብቅ ስክሪኑን ከጥጉ ይፈነቅለዋል፤ ሲላላ ደግሞ ስክሪኑ አልቆም ይላል። የእኔው ባለፈው ዓመት ስክሪኑ ብልጭ ድርግም እያለ በመጨረሻ ጠፋ። ገመዱ ነበር የተጎዳው። የምርቱን ስም አልጠራም፣ በማንኛውም ሊደርስ ይችላል። ባህር ዳር ወሰድኩት፤ ባለሙያው ችግሩን በአሥር ደቂቃ ነገረኝ፣ ዕቃው ግን የለም። አዲስ አበባ ተፈልጎ እስኪመጣ ሁለት ወር ያለ ላፕቶፕ ሠራሁ። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር አለው፣ ሥራዬ አልቆመም። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ ሁለት ወር የቀረው ልጅ ቢሆንስ?

ሙቀትም አለ። ከስሶቹ አንዳንዶቹ ፋን የላቸውም፤ ሲሞቁ ራሳቸውን ለማቀዝቀዝ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ፋን ያላቸውም ቢሆኑ አየር ማስገቢያቸው ጠባብ ነው፣ የእኛ አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በወርድ የሚጽፍ ሰው አይሰማውም፤ አውቶካድ ለከፈተ ሰው ግን ወዲያው ይታወቀዋል።

ባትሪው ውስጥ ነው ያለው፣ በቀላሉ አይወልቅም። ሲያረጅ ሊያብጥ ይችላል፤ ቦታ ስለሌለው ተችፓዱን ወይም ኪቦርዱን ወደ ላይ ይገፋል። ይኼን ካያችሁ ቻርጅ ማድረግ አቁሙና ወደ ባለሙያ ውሰዱት፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከወፍራሞቹ ጋር አነጻጽሩት። ለምሳሌ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ቲንክፓድ ቲ480 አንድ ባትሪ ውስጡ፣ አንድ ደግሞ ከውጭ የሚወልቅ አለው። የውጩን ሳታጠፉት ነቅላችሁ ሌላ ትከሉበታላችሁ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ራም መጨመሪያውም ሁለት ቦታ አለው።

መሰኪያም ይጎድለዋል። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ የለውም፣ አንዳንዱ ኤችዲኤምአይ እንኳ የለውም። በየትምህርት ቤቱ ያለው አሮጌ ፕሮጀክተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቪጂኤ ነው። ስለዚህ ኮንቨርተር ተጨማሪ ወጪ ነው፣ ሁልጊዜም ቦርሳ ውስጥ መሆን አለበት።

ሌላው ታብሌት መሆኑ ነው። ታብሌት ይሆናል ሲባል እውነት ነው፣ ግን 1.4 ኪሎ የሚመዝን ታብሌት ነው። እውነተኛ ታብሌት ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው። አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ እጃችሁ ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት አንብቡ፣ ከዚያ ትነግሩኛላችሁ። ስክሪኑም አንጸባራቂ መስታወት ስለሆነ መስኮት ሥር ወይም ደጅ ስትወጡ የራሳችሁን ፊት ነው የምታነቡት። በዚህስ ያቺ አሮጌ ኤክስኦ ትበልጠው ነበር።

አንድ መካከለኛ መንገድ አለ፣ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ለትምህርት ቤት ተብለው የተሠሩ ተጣጣፊዎች ናቸው፤ እንደ ኤችፒ ፕሮቡክ ኤክስ 360 11 ኢኢ፣ እንደ ሌኖቮ ቲንክፓድ 11ኢ ዮጋ ያሉት። ዳራቸው ጎማ አለው፣ ወፈር ያሉ ናቸው፣ መውደቅን እንዲችሉ ተደርገው ነው የተሠሩት። ይታጠፋሉ፣ ተችም ናቸው። ውጭ አገር ትምህርት ቤቶች ተጠቅመው ያወጧቸው እየተሰበሰቡ እኛ ጋ ይመጣሉ፤ ከሌሎቹም በዋጋ ይረክሳሉ። ግን አቅማቸውን እወቁ፤ ስክሪናቸው 11.6 ኢንች ነው፣ ፕሮሰሰራቸው ደካማ ነው፣ ራማቸው ብዙ ጊዜ 4 ጊጋ ነው። ለማንበብ፣ ለመጻፍ፣ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ለታችኛው ክፍል አስተማሪ ይበቃሉ። ለኢንጂነሪንግ ግን አትሞክሯቸው።

እሺ፣ ታዲያ ማን ምን ይግዛ? የእኔ ምክር ይኼ ነው።

አርክቴክቸር ወይም ዲዛይን የምትማሩ፣ በእጅ መሳል ሥራችሁ የሆነ፣ እንዲሁም ሒሳብና ፊዚክስ የምታስተምሩ፦ ተጣጣፊ ይጠቅማችኋል፣ ዋጋውንም ይመልሳል። ግን ራሙን ከመጀመሪያው ከፍ አድርጋችሁ ግዙ፣ ምክንያቱም በኋላ የለም። ከባድ የሥዕል ሶፍትዌር የሚያሠራችሁ ከሆነ ደግሞ ግራፊክስ ካርዱን ጠይቁ፤ ስሶቹ አብዛኞቹ ለብቻው የላቸውም።

ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ፣ ሲቪል፣ ኤሌክትሪካል፣ አካውንቲንግ፣ ሕግ የምትገቡ፦ ወፈር ያለ፣ የማይታጠፍ፣ ለቢሮ የተሠራ ላፕቶፕ ግዙ። አያምርም፣ አውቃለሁ። ፎቶ ላይ አያስቀናም። ግን በተመሳሳይ ብር የተሻለ ፕሮሰሰር፣ የሚጨመር ራም፣ ባህር ዳር ላይ የሚገኝ መለዋወጫ ታገኛላችሁ። በብዕር መጻፍ ለሚያምራችሁ ደግሞ ደብተር አለ፤ ጽፋችሁ በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው።

ጤና የምትማሩ፣ ብዙ የምታነቡ፦ እዚህ ላይ ሁለቱም ያስኬዳል። የምታነቡት አብዛኛው ፒዲኤፍ ከሆነና ላፕቶፕ አያያዛችሁ ጥንቁቅ ከሆነ ተጣጣፊው ይመቻችኋል። ዶርም ውስጥ ስምንት ሰው በሚጠቀምበት ሁኔታ ግን ተውት።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ደግሞ እነዚህን ሳታዩ ብር አትክፈሉ፦

– ቀስ ብላችሁ ሙሉ ዙር አዙሩት። የሚንቋቋ ድምፅ ካለ፣ ወይም የስክሪኑ ጥግ ከፍሬሙ ከተላቀቀ ተዉት። ሲዞርም ስክሪኑ ብልጭ ማለት የለበትም።
– ፔይንት ከፍታችሁ በጣታችሁ ከዳር እስከ ዳር ደጋግማችሁ አስምሩ። መስመሩ የሚቋረጥበት ቦታ ካለ ተቹ እዚያ ጋ ሞቷል።
– ሲታጠፍ ኪቦርዱ መሥራት ማቆም አለበት። ካላቆመ በታብሌት መልክ ልትጠቀሙበት አትችሉም።
– ብዕር አብሮ ይሰጣል ከተባለ ጻፉበት። ሁሉም ብዕር በሁሉም ላፕቶፕ አይሠራም፤ ጫፉ ጎማ የሆነው ርካሹ ብዕር ደግሞ ከጣት አይሻልም።
– የባትሪ ሪፖርት እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ። "ዲዛይን ካፓሲቲ" እና "ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ" የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ግማሽ ያህል ብቻ ከሆነ ባትሪው አርጅቷል፤ ወይ ዋጋ ይቀንስ ወይ ይቀየር።
– ጀነሬሽኑን ጠይቁ። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ገበያ ላይ "ረክሶ" የምታዩት ስስ ተጣጣፊ ብዙው 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን ነው። የረከሰበት አንዱ ምክንያት ይኼው ነው።

ነጋዴዎች ወዳጆቼ እንዳትቀየሙኝ። ጥሩ ዕቃ በእውነተኛ ስሙ የሚሸጥ ብዙ ሰው አለ፤ ለእሱ ይኼ ጽሑፍ ደንበኛ ያመጣለት እንደሆነ እንጂ አያባርርበትም።

ወላጆች ደግሞ ይኼን የምታነቡ ካላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ የሚያነቡላችሁ ከሆነ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጁ "የጓደኛዬ ይዞራል" ብሎ ቢያስቸግራችሁ አትቆጡት፣ ልጅ ነው፣ ያምረዋል። "ስትማር በሳምንት ስንት ቀን ታዞረዋለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። በቂ መልስ ካለው ግዙለት። ዝም ካለ ግን ለመዞሩና ለመቅጠኑ የምትከፍሉትን ብር ወደ ራምና ወደ ጥሩ ባትሪ አዙሩት፤ ቢተርፍ ደግሞ የትራንስፖርት ይሁነው።

ዘንድሮ የምትገቡ ልጆቼ፣ የመረጣችሁትን ላፕቶፕ ሞዴሉን፣ ራሙን፣ ጀነሬሽኑን እና የምትማሩትን ትምህርት ጽፋችሁ ከሥር ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ በውስጥ መስመር ከሚሆን ሌላውም ይማርበት። ከእኔ የተሻለ የምታውቁ፣ በተለይ ጥገና ላይ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የተሳሳተ ካለ አርሙኝ፣ የጎደለ ካለ ጨምሩበት። ለወላጅ ይደርስ ዘንድ ሼር አድርጉት።

ሰላሙን ያብዛልን። መልካም የትምህርት ዘመን።